ላሜራው እስኪቀዘቅዝ፦ በሙቀት ወቅት መኪናን በግቢ ማጠብና ሰም መቀባት

የግንቦት እሑድ ነበር፤ ድሬ ዳዋ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት። ጥቁሩን መኪናዬን ከጥላ አውጥቼ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ምክንያቴ ለራሴ አሳማኝ ነበር፤ ፀሐይዋ ቶሎ ታደርቅልኛለች። ከኮፈኑ ጀምሬ በሳሙና እየፈተግሁ የኋላ በሮች ዘንድ ስደርስ የኮፈኑ አረፋ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። በውኃ አለቀለቅሁት፤ ውኃውም ወዲያው ደረቀ። በዚያው ወኔ አዲስ የገዛሁትን ሰም ቀባሁበት፤ እሱም እንደ ልስን ተጋግሮ ቀረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለፍቼ ማታ የበረንዳው መብራት ሲያርፍበት መኪናው ኩፍኝ የወጣበት ይመስል ነበር፤ ከጣሪያ እስከ ኮፈን ነጫጭ ነጠብጣብ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በቆላ ከተሞች የሚኖርና መኪናውን በገዛ እጁ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አይቷል። ብዙዎች ጥፋቱን በሳሙናው ወይም በሰሙ ጥራት ያሳብባሉ። እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ያን ቀን ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ቀለሙን፣ ውኃውንና ላሜራውን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና አቆይቶ መያዝ ለብዙ ሰው ግዴታ ሆኗል። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዙሪያውን እየዞረ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው?»

የመኪና ቀለም ስንት ሽፋን አለው?

ከሩቅ ሲታይ አንድ ቀለም ነው። በቅርብ ግን ቢያንስ ሦስት አራት ነገር ተደራርቧል። ከላሜራው ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ በላዩ ቀለሙን የሚይዝ መሠረት ይመጣል፤ ከዚያ ነጭ ወይም ቀይ ብለን የምንጠራው ራሱ ቀለሙ፤ በመጨረሻም ቀለም የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ቫርኒሽ። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ስስ ነጠላ እንደመደረብ ነው። ጥለቱ የቀሚሱ ቢሆንም አቧራውን፣ ፀሐዩንና ንክኪውን ቀድሞ የሚቀበለው ነጠላው ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚኖረው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ ውስጥ ቫርኒሹ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይይዛል። የሰው ፀጉር በአማካይ 70 ማይክሮን አካባቢ ስለሚወፍር፣ መኪናችን የሚያብረቀርቀው ከአንድ ፀጉር በሚሳሳ ነገር ነው ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቁት ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚገኙትም እዚያው ቫርኒሽ ውስጥ ነው። እሱ አልቆ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላጥ በሳሙናም በሰምም የሚመለስ ነገር የለም፤ ያለው መፍትሔ ቀለም ቤት መሄድ ነው።

የድሮ መኪኖች ይለያሉ። በሐረር ለዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች ዓይነቶቹ በተሠሩበት ዘመን ቀለሙ ራሱ የላይኛው ሽፋን ነበር፤ ቫርኒሽ አልተደረበበትም። የቫርኒሹ አሠራር በስፋት የተለመደው በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የእርስዎ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ፣ ብዙ በማይታይ ቦታ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገው ይሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ቫርኒሽ የለውም።

ሙቀት ሲባል የማን ሙቀት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚያሳስበን የአየሩ ሙቀት ይመስለናል፤ መኪናውን የሚያበላሸው ግን የላሜራው ነው። የሁለቱ ልዩነት ደግሞ በጣም ሰፊ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አጠገቡ የቆመ ነጭ መኪና ብርሃኑን አብዛኛውን ስለሚመልሰው በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጥቁሩ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል።

ስለዚህ «እኛ አገር ሙቀት የለም» የሚለው የአዲስ አበባ ሰው መልስ አያዋጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጨረሩ ግን ከድሬ ዳዋ ይብሳል እንጂ አያንስም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥላ ውስጥ ሹራብ ደርበን የምንቀመጥበት የኅዳር ቀትር፣ ደጅ የቆመ ጥቁር መኪና እጅ አያስነካም።

መለኪያው መሣሪያ አይፈልግም፤ የእጅዎን ጀርባ ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። አምስት ሰከንድ ያለ ጭንቀት ካቆዩት ማጠብ ይቻላል። ቶሎ ካነሱት መኪናው ገና ነው፤ ጥላ ውስጥ ይቆይ። ከመንገድ የተመለሰ መኪና ከሆነ ፀሐይ ባይኖርም ኮፈኑ በሞተሩ ሙቀት ስለሚግል ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ነጩ ነጠብጣብ ከየት ይመጣል?

ከውኃው ነው። የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልገውም፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይበቃዋል። ከጎንና ከጎኑ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። የከተማዋ ውኃ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ሲሆን አካባቢው የኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም ያለምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ውኃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይመጣል። እንዲህ ያለው ውኃ «ጠንካራ ውኃ» ይባላል። ሳሙና ቶሎ አረፋ የማይሰጠው፣ የቧንቧ ውስጥ እያደር የሚጠበውም በእሱ ነው።

አሁን አንድ ጠብታ ኮፈን ላይ እንዳረፈ ያስቡ። ውኃው ይተናል፤ ማዕድኑ አይተንም። ጠብታው እየጠበበ ሲሄድ የተሸከመውን ኖራ ሁሉ ዳር ዳሩ ላይ ያራግፋል። ለዚህ ነው ነጠብጣቡ እንደ ቀለበት መሐሉ ባዶ፣ ዳሩ ነጭ ሆኖ የሚቀረው። ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ይህ ብዙ ደቂቃ ስለሚወስድ ለማድረቂያ ጨርቅ ጊዜ ይሰጣል። የጋለ ላሜራ ላይ ግን እጃችን ወደ ባልዲው ሄዶ እስኪመለስ ያልቃል። በዚያ ላይ ጣሪያ ላይ ባለ ሮቶ ውስጥ የዋለ ውኃ በቀትር ራሱ ትኩስ ስለሆነ ነገሩን ያፋጥነዋል።

ስለ ነጠብጣቡ የሚነገር ሌላም ነገር አለ፤ ጠብታው እንደ አጉሊ መነጽር ፀሐዩን ሰብስቦ ቀለሙን ያቃጥላል የሚል። ይማርካል፤ ግን አይሠራም። ላሜራ ላይ የተነጠፈ ጠብታ ብርሃኑን የሚሰበስብበት ነጥብ የሚያርፈው ከቀለሙ ወለል በታች እንጂ በላዩ አይደለም፤ ደግሞም ማቃጠል ከመጀመሩ በፊት ጠብታው ራሱ ተንኖ ያልቃል። የሚጎዳው የቀረው ኖራ ነው።

እሱም ወዲያው ከተጠረገ ምንም አይደለም። ከሰነበተ ግን፣ በየቀኑ እየጋለ ማታ እየቀዘቀዘ ሲኖር፣ ቫርኒሹን እየበላ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ጣትዎን ቢያሳልፉበት ጉብ ብሎ የሚሰማ ከሆነ ገና ከላይ ነው፤ ለስልሶ እያለ ግን የሚታይ ከሆነ ቫርኒሹ ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ መቼና የት?

በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። ላሜራው ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዟል፣ ነፋስ የለም፣ አቧራውም አልተነሣም። ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው የማታ ጊዜም ይሆናል፤ ነገር ግን ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ጀንበር ስትጠልቅም ሙቀቱ አይለቀውም፣ ሰም ለመቀባት ደግሞ ብርሃን ያጥራል። እኔ ማለዳውን እመርጣለሁ። የድሬ ሰው ቀትሩን ቤቱ ገብቶ የሚያሳልፈው በከንቱ አይደለም፤ መኪናም እንደ ባለቤቱ ነው።

ጥላ የግድ ነው። የግንብ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ካለ እሰየው። የዛፍ ጥላ ግን ሁለት ልብ ያደርጋል። ከዚራ በትልልቅ ዛፎቿ የምትወደድ ሰፈር ናት፤ የዛፎቹ ተከራይ የሆኑት ወፎች ግን የታጠበ መኪና ሲያዩ የሚጠብቁት ይመስል ወዲያው ሥራቸውን ይጀምራሉ። የዛፍ ሙጫም ከላይ ይንጠባጠባል። ከዛፍ ሥር ማጠብ ይቻላል፤ ከዛፍ ሥር አድርቆ ሰም መቀባት ግን ዕድልን መፈተን ነው።

ሁለት የጋሉ ነገሮች ከቀለሙ በላይ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዱ የፊት መስታወት ነው። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደፋበት አንዱ ጎን ድንገት ይኮማተራል፤ ጠጠር መትቶት ትንሽ ጭረት ካለበት ጭረቱ እስከ ዳር ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላው የፍሬን ዲስክ ነው። ቁልቁለት የወረደ መኪና ዲስኩ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሊግል ይችላል፤ በዚያ ላይ ውኃ መርጨት ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ከድሬ ዳዋ በላይ ካለው የደንገጎ ዳገት ወርዶ በቀጥታ ቸርኬውን ማጠብ የሚጀምር ሰው አይቻለሁ።

በስንት ጀሪካን ይታጠባል?

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ክፍት የላስቲክ ቧንቧ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ያፈሳል። ሃያ ደቂቃ ከተለቀቀ 12 ጀሪካን የሚሆን ውኃ መሬት ጠጣው ማለት ነው። የቤት መኪና ግን በሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደህና አድርጎ ይታጠባል፤ አሠራሩም ቀለሙን ከቧንቧው የተሻለ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው ጀሪካን ለማራስ ነው። በአትክልት ማጠጫ ወይም ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ ከጣሪያው ጀምሮ ውኃ እያወረዱ አቧራውን ማስለቀቅ፤ በዚህ ጊዜ ጨርቅ ፈጽሞ አይነካም። ሁለተኛው ጀሪካን ለሁለት ባልዲ ይካፈላል። በአንዱ ሳሙና ይበጠበጣል፤ ሌላው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ጨርቁ ሳሙና ነክሮ አንድ ቦታ ካጠበ በኋላ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ባልዲ ይታጠባል፣ ይጨመቃል። እንዲህ ሲሆን አሸዋው በንጹሑ ባልዲ ሥር ይቀራል። ሦስተኛው ጀሪካን ለማለቅለቅ ነው።

ስለ ሁለቱ ባልዲዎች ትንሽ ላብዛ፤ ከሁሉ የሚናቀው ነገር እሱ ነው። በአቧራችን ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በብዛት ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። ኳርትዝ ከቢላዋ ብረት ይጠነክራል፤ ከአንድ ፀጉር የሚሳሳ ቫርኒሽ ምን ያህል እንደሚቋቋመው መገመት አይከብድም። አሸዋ የያዘ ጨርቅ የለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ፀሐይ ላይ ወይም በመንገድ መብራት ሥር ጥቁር መኪና ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ክብ ክብ ጭረቶች አይተው ይሆናል። ጭረቶቹ በእውነቱ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው የተዘባረቁ ናቸው። ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ግን በመብራቱ ዙሪያ በሚገጥመን አቅጣጫ የተኙት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ።

እነዚህን የሚፈጥረው ከሁሉ በላይ ጠዋት ጠዋት መኪና ሲነሣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ የመጥረግ ልማዳችን ነው። ጥበቃው፣ ልጁ፣ ባለቤቱ፣ ሁሉም በቅንነት ያደርገዋል። መኪናውን አቧራ ይዞት ቢሄድ ይሻለዋል።

በሙቀት ወቅት ሌላው ልዩነት ቅደም ተከተሉ ነው። ሙሉውን መኪና በአረፋ ሸፍኖ በመጨረሻ ማለቅለቅ ለደጋ ይሠራል። በቆላ ግን ጣሪያውን አጥቦ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ኮፈኑን፣ ከዚያ አንድ ጎን፤ በመሐሉ ቀድሞ የታጠበው እንዳይደርቅ ውኃ እየረጩ። የታችኛው የበሮች ክፍልና ቸርኬው ጭቃና የፍሬን ብናኝ ስለሚበዛባቸው መጨረሻ ይሆናሉ፤ የራሳቸው ጨርቅም ይኑራቸው።

ውኃው በራሱ እንዳይደርቅ ከመሮጥ ይልቅ ራሳችን ማድረቅ አለብን። ለማድረቅ ማይክሮፋይበር የሚባለው ወፍራም ጨርቅ ይመረጣል። ካልተገኘ ያረጀ ጋቢ፣ ጥለቱ ተቆርጦ፣ ቁልፍና ዚፕ ካለው አሮጌ ሸሚዝ ብዙ እጥፍ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውኃ በበርሜል መያዝ ለድሬ ዳዋ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። የዝናብ ውኃ ድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ኖራ የለውም። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ካለፈ በኋላ የተጠራቀመውን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ቢጠቀሙበት ነጠብጣቡ ከእነ ስሙ ይጠፋል።

የትኛው ሳሙና?

ለልብስ የሚሠራ የዱቄት ሳሙና አይሆንም። ቆሻሻውን የሚያስለቅቅበት ኃይለኛነቱ ለቀለሙና ለላስቲኮቹ ይበዛባቸዋል፤ ያልሟሟው ቅንጣትም ራሱ ይጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይለዝባል፤ ነገር ግን የተሠራው ድስት ላይ የቀረ ቅቤን ለማስለቀቅ ነው። መኪናው ላይ የተቀባው ሰምም ለእሱ ሌላ ቅባት ነው፤ ለይቶ አይምረውም። ስለዚህ የዕቃ ሳሙና የሚጠቅመው በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ አሮጌውን ሰም አንሥቶ አዲስ ለመቀባት ሲታሰብ። ለዘወትር የመኪና ሻምፖ ተብሎ የሚሸጠው ይመረጣል፤ ለአንድ ባልዲ ከጠርሙሱ ክዳን ብዙም የማይበልጥ ይበቃል።

በአንዳንድ ላቫጆዎች ጎማውንና ጥቁር ፕላስቲኮችን በናፍጣ ማስወልወል የተለመደ ነው። ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል። ናፍጣ ግን ላስቲክን ያሳብጣል፣ አቧራንም እንደ ማር ይስባል።

ፖሊሽና ሰም አንድ ናቸው?

በአነጋገራችን አንድ ሆነዋል፤ «ፖሊሽ አስደረግሁት» ስንል ሁለቱንም ልንል እንችላለን። ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፖሊሽ ይቀንሳል፤ ውስጡ ባለው በጣም ደቃቅ መፋቂያ ከቫርኒሹ ጥቂት ይልጥና ጭረቱን ያስተካክላል። ሰም ይጨምራል፤ ከቫርኒሹ በላይ ሌላ ስስ ሽፋን ያነጥፋል። በየወሩ ሰም መቀባት አይጎዳም። በየወሩ ፖሊሽ ማድረግ ግን ያችን ከፀጉር የምትሳሳ ነጠላ በየወሩ ማሳሳት ነው። ሰም ደግሞ ጭረትን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም፤ በዚህ ነገር የአማርኛ ተማሪ አይታለልም፣ ሰሙ ሲነሣ ውስጡ ያለው ይታያል።

ምን ያህል ይጠቅማል? ቀለሙን ከጨረር ሙሉ በሙሉ አይጋርድም። ትልቁ ጥቅሙ ኖራው፣ የወፍ ኩሱና አቧራው ቫርኒሹን በቀጥታ እንዳይነኩት በመሐል መግባቱ ነው። ቀጣዩንም እጥበት ያቀልላል።

የመኪና ሰም ዝነኛው ካርናውባ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ይገኛል። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። የእኛ የንብ ሰም የሚቀልጠው ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በማርም በሰምም ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር በመሆኗ «ቤታችን ያለውን ሰም ለምን አንቀባውም?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱ ቀደም ሲል ያነሣነው ኮፈን ላይ አለ። ከ70 ዲግሪ የሚያልፍ ጥቁር ላሜራ የንብ ሰምን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሰምም የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ካርናውባው ግን በዚያ ሙቀት ይጸናል። ጧፍ ለጧፍነቱ ይቆይ።

ከዚህ ሌላ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሠራሽ መከላከያ አለ። ድምቀቱ ከካርናውባ ያንሳል የሚሉ አሉ፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። በቆላ ፀሐይ ካርናውባ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ሲቆይ፣ ሰው ሠራሹ ብዙ ወራት ሊዘልቅ ይችላል። ደጅ ለሚያድር መኪና የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው።

በሙቀት ሰሙ ለምን ይጋገራል?

በቆርቆሮ የሚሸጠው ሰም ንጹሕ ሰም አይደለም። ሰሙን የሚያለሰልስ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ተቀላቅሎበታል። በትክክለኛው ሙቀት ፈሳሹ ቀስ ብሎ ተንኖ ሰሙን ስስ አድርጎ አንጥፎ ይሄዳል። በጋለ ላሜራ ላይ ፈሳሹ ገና እጃችን ሲዞር ያልቃል፤ ሰሙ ሳይነጠፍ ባለበት ይደርቃል። ከዚያ መወልወያው ይንሸራተታል እንጂ አያነሣውም። እኔ ያን እሑድ ልስን የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መኪናው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ለእጅ ቀዝቃዛ ሆኖ። በስፖንጅ ላይ የአተር ፍሬ ያህል ሰም ለአንድ የኮፈን ግማሽ ይበቃል። የእኛ ስህተት ሁልጊዜ ማብዛት ነው፤ ገንፎ ላይ ቅቤ እንደምንጨምረው ይመስለናል። የበዛው ሰም በሙሉ በጨርቅ ተነሥቶ የሚጣል ነው። ከተቀባ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በጣትዎ አንድ መስመር ያስምሩበት፤ የነካው ቦታ ጥርት ብሎ ከታየ ደርሷል፣ ከተቀባባ ገና ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁን እያገላበጡ ይወልውሉት። በቆላ መኪናውን በሙሉ ቀብቶ ከዚያ ወደ መወልወል መዞር አይሆንም፤ አንድ ክፍል ቀብቶ፣ ያንኑ ወልውሎ፣ ወደ ቀጣዩ።

ተጋግሮ ከቀረስ? በጥፍር ወይም በኃይል አይፋቅም። በዚያው ላይ አዲስ ሰም በስሱ ይቀቡና ሳይደርቅ ወዲያው ይወልውሉት። አዲሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሮጌውን ያለሰልሰዋል። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረውን ደግሞ የተማሪ ላጲስ ያነሣዋል፤ ሲሰሙት ቀልድ ቢመስልም ይሠራል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ላሉ ወገኖች አንድ ነገር ይለያል። እዚያ ሙቀቱ እርጥበት ስለሚጨመርበት ሌሊት ጤዛ ይወርዳል፣ ከአሸዋ ብናኝ ጋር ተዋሕዶም ጠዋት በመስታወቱ ላይ ጭቃ ሆኖ ይጠብቃል። ይህ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ከእኛ አቧራ የከፋ ነው። ደግሞ እንደ ዱባይ ባሉ ከተሞች መኪናን መንገድ ላይ ማጠብ ያስቀጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰውም፣ እዚህም ሆነ እዚያ፣ ቻርጅ እያደረገ አይጠብ፤ የቻርጅ መክፈቻው መዘጋቱንም አስቀድሞ ይይ።

ነጠብጣቡ አስቀድሞ ካለስ?

ኖራ በአሲድ ይሟሟል። ነጭ አቼቶ ከእኩል ንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቅሎ፣ ጥላ ውስጥ በቀዘቀዘ ላሜራ ላይ በጨርቅ አስነክቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማለቅለቅና ማድረቅ። አቼቶው ሰሙንም ሊያነሣ ስለሚችል እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። በጋለ ላሜራ ላይ ግን አቼቶው ራሱ ደርቆ ሌላ ምልክት ይተዋል። ይህን ሁሉ አድርገው ነጠብጣቡ ካልሄደ ቫርኒሹ ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ ፖሊሽ የሚያስፈልግበት እውነተኛ ጊዜ ደርሷል፣ እሱም በሚያውቅ እጅ።

የወፍ ኩስ በሙቀት ጊዜ ቀን አይሰጥም። ቀትር ላይ ቫርኒሹ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ኩሱ በላዩ ደርቆ ይጠነክራል፤ ማታ ላይ ሲቀዘቅዝ ቫርኒሹ የኩሱን ሸካራ ቅርጽ እንደያዘ ይኮማተራል። በማግሥቱ ታጥቦ ሲነሣ የቀረው ጥላ ቆሻሻ ሳይሆን ማህተም ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይኑር። ጨርቁን አርሶ በኩሱ ላይ ማልበስ፣ አምስት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያ ሳይፈትጉ ወደ ላይ ማንሣት።

እኔ ጥቁሩን መኪናዬን ከዚያ እሑድ በኋላ በሦስት ሳምንት ማለዳ ተነሥቼ እንደገና አጠብኩት። አቼቶው አብዛኛውን ነጠብጣብ ወሰደ፤ ኮፈኑ ላይ ያሉት አሥራ አንዱ ግን እስከ ዛሬ አሉ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰሙ መኖሩን የማረጋግጠው ከጀሪካኑ በቀረች አንድ ኩባያ ውኃ ነው፤ ኮፈኑ ላይ ሳፈሳት እንደ ዶቃ ተንከባልላ ከወረደች አለ፤ ተነጣጥፋ ከተኛች አልቋል፣ የሚቀጥለው ማለዳ የእሱ ነው።